ለሊኑክስ ጀማሪ ምን ተጽፎ ይሰጠው?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን የሚመጣው ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ»። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም ቆየት ያለ ከሆነ አይቀበልም። በእጃችን የሚያልፈው ላፕቶፕ ደግሞ አብዛኛው ውጭ አገር አገልግሎ የገባ ነው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ገና ይሠራል፤ ዊንዶውሱ ነው ፊቱን ያዞረበት።

የምሠራው አራት ኪሎ፣ የኮምፒውተር ጥገናና ጽሕፈት አንድ ላይ የታጨቁበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኞቻችን ተማሪዎች፣ የሰፈር ጽሕፈት ቤቶችና ትናንሽ ቢሮዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሲመጣ ባለቤቱን አማክረን ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ እንጭናለን፤ ሁለቱም በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠሩ ነፃ የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። መጫኑ ቀላል ነው። ከባዱ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ማታ ማታ ስልክ ይጮኻል። «አማርኛው የት ገባ?» «ዋይፋዩ ጠፋ።» «ፕሪንተሩ አላውቅህም አለኝ።» መልሱን ደጋግሞ በስልክ ከመናገር በወረቀት አትሞ ከላፕቶፑ ጋር መስጠት ይሻላል ብለን ጀመርን። ወረቀቱ እየተሠረዘ እየተደለዘ አሁን ያለበት መልክ ላይ ደርሷል። ይህን የምጽፈው ለቢሮው፣ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለዘመዱ ሊኑክስ ጭኖ «በል እንግዲህ ተጠቀም» ለሚል ሰው ነው።

ሰነድ ጠፍቶ አይደለም። ሊኑክስ መልኩን የወሰደበት የድሮው ሥርዓት፣ የዩኒክስ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ «ማን» የሚለው ትዕዛዝ የሚያወጣው ገጽ ዛሬም የዚያ መመሪያ ልጅ ነው። ኡቡንቱ ላይ የፋይል መስኮቱን ከፍታችሁ ኤፍ1ን ብትጫኑ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ እገዛ ይመጣል። አርች የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ዊኪ አርች ነክቶ ለማያውቅ ሰው ሳይቀር ይጠቅማል። ግን እነዚህ ሁሉ የሚመልሱላችሁ የምትፈልጉትን ነገር ስም ካወቃችሁ ነው። ጀማሪ ስሙን አያውቅም። አማርኛ መጻፍ አቃተኝ እንጂ «አይባስ አልተዋቀረም» (አይባስ በሌላ ቋንቋ መጻፊያው መሣሪያ ነው) ብሎ የሚመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መዝገበ ቃላት ተሸክሞ ቋንቋውን እንደማይናገር ሰው ነው የሚሆነው።

ዳንኤለ ፕሮቺዳ የሚባል ባለሙያ ዲያታክሲስ በሚለው ዘዴው የሶፍትዌር ሰነድን በአራት ይከፍለዋል፦ እጅ ይዞ የሚያለማምድ፣ አንድን ሥራ የሚያሠራ፣ ማመሳከሪያ የሚሆን፣ ምክንያቱን የሚያስረዳ። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካልም ሰነዶቹን በዚህ መልክ ያደራጃል። ለእኛ ዓይነት ሰው ሁለተኛው ይቀድማል። ነገ ጠዋት ማመልከቻ ጽፋ ማተም ያለባት ሴት ከርነል ምን እንደሆነ ብታውቅ ደስ ይለኛል፤ ግን ነገ ጠዋት አይደለም።

አቅራቢያችን ያሉ አንዲት ጸሐፊ አሉ። ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ በጣታቸው የሚያድሩ ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ኡቡንቱ ከጫንንላቸው በኋላ የእህታቸው ልጅ ከኢንተርኔት ያወረደውን መመሪያ አትሞ ሰጣቸው፣ አማርኛ መጻፊያውን ራሳቸው እንዲያስገቡ። በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፈው መጡ።

«ልጄ፣ ኪቦርዱ ሞቷል።»

ጽሑፍ መጻፊያ ከፈትኩ። ኪቦርዱ ይሠራል። «እዚህማ ይሠራል፣ እዚያ ነው የሞተው» ብለው ጥቁሩን መስኮት አሳዩኝ። ተርሚናሉ የይለፍ ቃል ጠይቋል። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ነጥብ የለም፣ ኮከብ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ይህ ብልሽት አይደለም። ብዙ ሊኑክስ ላይ ተርሚናል የይለፍ ቃልን ጨርሶ አያሳይም፣ ጎን ያለ ሰው ርዝመቱን እንኳ እንዳይቆጥር። ሳያዩ ጽፎ ኢንተርን መጫን ነው። ያ መመሪያ የሚለው «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡና ኢንተር ይጫኑ» ብቻ ነው። ውሸት የለበትም። እትዬን ግን አላዳናቸውም።

ይህን አለፍንና ሌላ ቦታ ቆምን። የአማርኛ መጻፊያው ተጭኗል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን አማርኛ የለም። ከአካውንት ወጥቶ ተመልሶ መግባት ያስፈልጋል። የመመሪያው ጸሐፊ ይህን ሁልጊዜ ስለሚያደርገው ጣቱ ያውቀዋል፣ እንደ እርምጃ አልቆጠረውም። ለጀማሪ ግን ያቺ አንዲት መስመር ከሌለች የቀረው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው።

ስለዚህ የእኛ ወረቀት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ ሥር ሁለት አጫጭር መስመሮች አሉ። አንዱ «የሚያዩት» ይላል፣ ሌላው «ካላዩት»። የይለፍ ቃሉ ጋ «የሚያዩት፦ ምንም፣ ወይም ኮከብ ብቻ። ሲጽፉ ፊደሉ አይታይም፣ ጽፈው ኢንተር ይጫኑ» የሚል አለ። የሌላ ሰው መመሪያ ስትመርጡም ይህን ፈልጉ። አድርግ አድርግ እያለ ምን እንደሚታይ የማይናገር መመሪያ ለጀማሪ አይሆንም።

ከመስጠታችሁ በፊት ፈትኑት። አፈታተኑ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የማይፈራ ግን ሊኑክስ የማያውቅ ሰው አስቀምጡ፣ ወረቀቱን ስጡ፣ እናንተ ዝም በሉ። ዝምታው ነው የሚከብደው። እትዬን «እርስዎ ያንብቡና ይሥሩ፣ እኔ አልናገርም» ስላቸው «ታዲያ ለምን ተቀመጥክ?» አሉኝ። የተቀመጥኩት ዓይናቸውን ለማየት ነው። ወደ እኔ ቀና ያሉበት መስመር በሙሉ እንደገና ይጻፋል። አንድን ዓረፍተ ነገር መልሰው ያነበቡበት ቦታም እንደዚያው። ተማሪዎችን ለዚህ አትጠቀሙ። እነሱ ወረቀቱን አያነቡም፣ ነካክተው ይደርሱበታል። ከዚያ «ብሮ አሪፍ ነው» ብለው ይሄዳሉ።

የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ግን ስለ አጫጫን አይደለም። ማን እንደማይጭን ነው። ቢሮው ሒሳቡን በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ፣ አርክቴክቱ አውቶካድ የሚጠቀም ከሆነ፣ ፎቶ ቤቱ ያለ ፎቶሾፕ የማይሠራ ከሆነ ይቅርባቸው። እነዚህ ለሊኑክስ አልተሠሩም። በሌላ ዘዴ አስገድዶ ማስኬድ አንዳንዴ ይቻላል፣ ግን የሰው ሒሳብ ላይ ሙከራ አይሠራም። ይህን አስቀድሞ መናገር ደንበኛ ያሳጣል ብለው የሚያስቡ አሉ። የሚያሳጣው ከጫኑ በኋላ ሲታወቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲጫን «ዲስኩን አጥፍቶ ይጫን» የሚል ምርጫ ይመጣል። ብዙ መመሪያ ይህን እንደ ተራ እርምጃ ያልፈዋል። የእኛው እዚያ ጋ ያቆማል። «ፎቶው፣ ሰነዱ፣ ሁሉም ሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጧል? ተከፍቶ ታይቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ተገልብጧል ማለትና ተከፍቶ ታይቷል ማለት ይለያያሉ።

የአማርኛው ክፍል የወረቀቱን ትልቁን ቦታ ይዟል፤ መያዝም አለበት። አብዛኛው የውጭ መመሪያ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ሊኑክስ ላይ አማርኛ ማንበብ ችግር የለበትም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ እንደ ኖቶና አቢሲኒካ ያሉ ነፃ ፎንቶችም አሉ። ችግሩ መጻፉ ላይና የድሮ ሰነድ መክፈቱ ላይ ነው።

ለመጻፍ፣ ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ አይባስ ኤም17ኤን የሚለውን ጫኑ። ከአካውንታችሁ ውጡና ግቡ። ከዚያ የአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ። ሴራ የሚለውን ምረጡ (ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ተንኮል የለበትም)። የዊንዶው ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ ሰላም የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምትጽፉት ትጽፉታላችሁ። ጠ ሺፍትና ቲ ነው፣ ጨ ሺፍትና ሲ ነው፣ ሸ ኤክስ ላይ ናት። እትዬ የፈለጉት መላውን የፊደል ሰንጠረዥ አልነበረም። የጠፉባቸውን ጥቂት ፊደላት ነበር። እነሱን በትልቁ አትመን ከስክሪኑ ሥር ለጠፍንላቸው። ኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ ሌላም «አማርኛ» የሚል ታገኛላችሁ። ያኛው እኛ በምንጭነው ማሽን ላይ ፊደሉንና አናባቢውን አያጣምርም። ሰው በራሱ ሲሞክር የሚገባው እዚያ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ በስም ጠርተን ተዉት ብለናል።

የድሮ ሰነድ ሌላ ጣጣ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። ጽሑፉ በፎንቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ አይነበብም። የፎንቱን ፋይል ከድሮው ኮምፒውተር አምጥቶ ሁለቴ ተጭኖ መክፈትና «ኢንስቶል» ማለት ነው። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ግን ዩኒኮድ ስለሆነ ይነበባል፤ ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም፣ በወርድ ፋንታ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ በሌላ ይተካዋል። ያኔ መስመሩ ይንሸራተታል። በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ ፊርማው ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። ማኅተም ያለበት ቢሮ ይህን አይወድም። እኛ የምንመክረው አዲሱን ሁሉ በአንድ ነፃ ፎንት መጻፍና ለሰው ሲላክ በፒዲኤፍ ማድረግ ነው።

ጥሩ ዜናም ወረቀቱ ላይ ይግባ። ኮፒ ቤት የሚውል ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ አያጣውም። ፋይሎቹ ይደበቃሉ፣ በምትካቸው የውሸት ሾርትከት ይቀመጣል። ፍላሹ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ቫይረሱ አይነሳም፣ የተደበቁት ፋይሎችም አብዛኛውን ጊዜ ይታያሉ። እትዬን ያሳመናቸው የእኔ ስብከት አይደለም። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ከእንዲህ ዓይነት ፍላሽ ሲወጣ አይተው ነው።

መመሪያው ለምን ወረቀት ሆነ? ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ መመሪያ አይነበብም። ቪዲዮ ደግሞ ፓኬጅ ይበላል፣ የሚፈለገውም ነገር መሃል ላይ ተቀብሯል። የወረቀቱን ፒዲኤፍ በቴሌግራም እንልካለን፤ ስልኩ ላይ ይቀመጥለት። ስልኩ ለሌላም ይጠቅማል። አንዳንድ ላፕቶፕ፣ በተለይ ብሮድኮም የዋይፋይ ካርድ ያለው፣ ሊኑክስ ሲጫንበት ዋይፋዩ አይነሳም። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን በማብራት ነው። ላፕቶፑ ያለ ምንም ድራይቨር የስልኩን ዳታ ይጠቀማል። ከዚያ «ድራይቨር ማናጀር»ን መክፈት ነው። ይህች አንቀጽ ብቻዋን ብዙ ሰው ከመመለስ አድናለች።

መብራትም አለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ማሻሻያ እየተጫነ መብራት ሲሄድ ነገሩ መሃል ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ለመጫን ሲሞከር ሥራው ተቋርጧል፣ መጀመሪያ ይህን ትዕዛዝ ስጥ የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይወጣል። መልሱ መልእክቱ ውስጥ ራሱ ተጽፏል፦ ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ኮንፊገር፣ ኤ። አብዛኛው ጊዜ እሱን እንዳለ መጻፍ ይበቃል። ሰው ግን ቀይና እንግሊዝኛ ሲያይ አያነብም፣ «ፎርማት ይደረግልኝ» ብሎ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የመልእክቱን ፎቶ አድርገን ከሥሩ «አይደንግጡ፣ ፋይልዎ አልጠፋም» ብለን ጽፈናል። በእኔ ግምት ከወረቀቱ ሁሉ ብዙ የተነበበችው ይህች ናት።

ትዕዛዝ ስታትሙ ተጠንቀቁ። ሊብሬኦፊስም ሆነ ወርድ ሁለት ትናንሽ ሰረዞችን ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀይራሉ፣ ጥቅሱንም ያጣምማሉ። ወረቀቱ ያምራል፣ ትዕዛዙ ግን አይሠራም። ራስ-ሰር ማስተካከያውን አጥፉት። ትዕዛዙን ፊደሉ ሁሉ እኩል ስፋት ባለው ፎንት አድርጉት፤ ኤል የሚለው ፊደልና አንድ ቁጥር እንዲለዩ። ስፔስ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። አንባቢው ትዕዛዙን ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር ንገሩት። በተለይ በሱዶ የሚጀምር ከሆነ፤ ሱዶ ማለት ሥርዓቱን በሙሉ የመቀየር ሥልጣን መስጠት ነው። ምን እንደሚሠራ ያልተነገራችሁን የሱዶ ትዕዛዝ ከየትም ገልብጣችሁ አትለጥፉ፣ ከኤአይም ቢሆን። ኤአይ አንዳንዴ የሌላ ቨርዥን ትዕዛዝ በሙሉ ልብ ይሰጣል።

ቨርዥን ካነሳሁ አይቀር፣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መመሪያ የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ ማወቂያ አለ። የኡቡንቱ ቁጥር ዓመትና ወር ነው፤ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. የ2024 ሚያዝያ። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው ኤልቲኤስ የሚባለው አምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ አለው። ሊኑክስ ሚንት 22 የተሠራው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ስለሆነ ለዚያ የተጻፈ መልስ ብዙውን ጊዜ ለዚህም ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 በፊት የተጻፈ የኡቡንቱ መመሪያ ግን ስክሪኑ ጨርሶ ሌላ ነው፤ ያኔ ዩኒቲ የሚባለውን ገጽታ ትቶ ወደ ግኖም ዞሯል። እናንተም ስትጽፉ ገጹ ግርጌ ላይ ቨርዥኑንና ቀኑን አስፍሩ። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ የድሮውን ወረቀት ሰብስባችሁ ጣሉ።

አጫጭሮቹን ላውራ። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ባሉበት ላፕቶፕ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ የአገር ሰዓት መስሎት ያነበዋል፣ የእኛ ልዩነት ደግሞ ሦስት ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመር የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ራሱን ነው የሚጠራጠረው። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ያላቸው ደግሞ ፕሪንተሩ ታይቶ አላትም ሊላቸው ይችላል። ከኤችፒ ተጨማሪ ፕለጊን ማውረድ ይፈልጋል፣ አንዴ ከወረደ ያበቃል።

የመጨረሻው ገጽ እንዴት እንደሚጠየቅ ነው። «አልሠራም አለኝ» የሚል መልእክት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲመጣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ አዘጋጅተናል። ሰው ሞልቶ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። እትዬ ባለፈው የላኩት ይህን ይላል፦ «ማሽን፦ ዴል። ሲስተም፦ ኡቡንቱ 24.04። ልሠራ የፈለግሁት፦ ሁለት ገጽ ማተም። ያደረግሁት፦ ፕሪንት አልኩ። ያየሁት፦ ወረፋ ላይ ነው ይላል፣ አይወጣም። የሞከርኩት፦ አጥፍቼ አበራሁ። መልእክቱ፦ ፎቶው ከሥር አለ።» ፎቶውን ሳየው ወረፋው «ቆሟል» ይላል። ፕሪንተሩ መስኮት ውስጥ ገብተው ማስቀጠያውን እንዲጫኑ ጻፍኩላቸው። ጥያቄያቸው በቅጡ ስለተጻፈ መልሱ ከአንድ መስመር አላለፈም።